«እና ሌሎች» የተባሉት

ጥቅምት 8

ጉልበቴ ዛሬም አላስቀምጥ አላስቆም አለኝ። ሊፍቱ ከሰኞ ጀምሮ ቆሟል፤ ሦስት ፎቅ በእግር። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ስልክ የማወራ መስዬ ግድግዳ ተደግፌ አረፍኩ። ያየኝ ሰው አረጀች ይላል። ይበል... ውሸት አይደል።

ቢሯችን አንዲት ልጅ መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ነው የላኳት፣ ለአራት ወር። ዋናው (ኃላፊያችንን በሌለበት እንደዚያ ነው የምንለው) ይዟት መጣና ጠረጴዛዬ ፊት አቆማት። የምርምር ተቋማት ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ታጠናለች፣ መዝገቡ ያለው እርስዎ ጋ ነው፣ የጠየቀችዎትን ሁሉ ይስጧት ብሎኝ ሄደ። አስተዋወቀን አይባልም፤ አራገፈብኝ እንጂ።

ቀጭን ናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላዋለች። መዝገቡን ገልጣ ስታይ ፊቷ በራ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አይቶት ደስ ያላለውን መዝገብ! ሁለት ሦስት ተቋም አብሮ ሊሠራ ሲስማማ የውሉን ቅጂ ለኛ ይልካል። እኔ ቀኑን፣ የሥራውን ርዕስና የተባባሪዎቹን ስም መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ እደግመዋለሁ። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ምኑ ደስ ይላል?

እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ነው ይሄን የምጽፈው።

ጥቅምት 11

ልጅቷን «ባለክሯ» ብለናታል። ሰማችና ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ዝርዝር ያለ እያንዳንዱ ተቋም አንድ ነጥብ ይሆናል። ሁለቱ አብረው ከሠሩ በመሃላቸው ክር ትስባለች። ደግመው ከሠሩ ክሩ ይወፍራል። ሁሉም ተስቦ ሲያልቅ ማን መሃል እንዳለ፣ ማን ዳር እንደቀረ ይታያል። ይሄ ብቻ ከሆነ እኔስ ምን ያቅተኛል አልኳት።

«አይ እትዬ፣ ብዙ ክር ያለውን አይደለም የምፈልገው። እሱ ባይኖር ሌሎቹ የማይገናኙት አለ። እሱን ነው።»

ይሄ ገባኝ። ትልቋ አክስቴ እንደዚያ ነበረች። ሀብት የላት፣ ልጅ የላት። ግን የተጣላ በሷ ይታረቃል፣ የታመመ ወሬው በሷ ይደርሰናል። እሷ ካረፈች በኋላ የአጎቴን ልጅ አውቶቡስ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ አላወቅኩትም። ሲወርድ ነው በአካሄዱ የጠረጠርኩት... ይሄን ስነግራት ባለክሯ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እኔ ያልኩት ነገር ሲጻፍ ይሄ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። የሌላውን ስጽፍ ነው የኖርኩት።

ለባሌ ነገርኩት። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ አሁን ወገቡ ከወንበር ጋር አስሮታል። «እኔንስ የት አደረግሽኝ?» አለ። ከአልጋ እስከ ወንበር አንድ ክር አልኩት። ቀጭን ናት አለ።

ጥቅምት 19

ሊፍቱ ተሠራ። ለግማሽ ቀን።

ጥቅምት 27

ስብሰባ። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ያውም እንጨት ወንበር ላይ።

ድልድል ሊደረግ ነው። ለየመደቡ ዲፕሎማ ሊጠየቅ ነው ተብሏል። እኔ ያለኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀትና የስድስት ወር የታይፕ ትምህርት። ታይፑ ራሱ ሙዚየም ገብቷል። ዋናው ፊታችንን አይቶ ነው መሰለኝ፣ ሥራቸው ጥርት ያለ ሰዎች አይነኩም አለ። ጥርት ያለ... ያንን ቃል ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት።

ድልድሉ ለኛ ብቻ አይደለም። ጥር 15 ቦርዱ ይሰበሰባል፤ የባለክሯን ጥናት አይቶ፣ ከማንም ጋር ሳይተባበሩ ለብቻቸው የተቀመጡትን ትንንሽ ተቋማት ከትልልቆቹ ጋር ይጨፈልቃል። ምስኪኖች፣ ብዬ አዘንኩላቸው። አይ እኔ።

ኅዳር 6

የዛሬውን ጉድ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ባለክሯ የመጀመሪያውን ካርታ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አወጣችው። ካርታ ነው የምትለው፣ ወንዝም ተራራም የሌለበት። የክፍል ኃላፊዎች ሁሉ አሉ። እኔ ከኋላ፣ ቃለ ጉባኤ ልይዝ። ነጥቦቹ እንደተደፋ ምስር ተበትነዋል። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ነጥብ፤ ከሁሉም ጋር ክር አለው።

ዋናው መነጽሩን ረስቶ መጥቷል። ተነስቶ ሄደና ያንን ትልቁን በጣቱ ነካው። ሥራ ማለት ይሄ ነው፣ ሌላው ተቋም ከዚህ መማር አለበት፣ እንዲያውም ሽልማት ይገባዋል እያለ አንድ አምስት ደቂቃ አወራ። ከዚያ «ማነው ለመሆኑ?» አለ።

ባለክሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እና ሌሎች ይላል» አለች።

የእቅድ ክፍሉ ሰውዬ፣ «ቢሯቸው የት ነው? ሄደን ልምድ እንቅሰም» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዋናውም ሳቀ፣ እየመረረው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ቃል እንደ አንድ ድርጅት ስም ቆጥሮት ነው አለች ልጅቷ። ታጠፋዋለች።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ምንም አልጻፍኩም። ያ ትልቅ ጥቁር ነጥብ የኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በገዛ እጄ ያሳደግኩት።

ኅዳር 7

ለራሴ እንኳ ልንገረው።

መዝገቡ ላይ «ተባባሪዎች» የሚለው ዓምድ ሁለት ጣት አይሞላም። ከኔ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረችው ሴትዮ ሥራውን ስታስረክበኝ፣ የመጀመሪያውን ጻፊ፣ ከበቃሽ ሁለተኛውን፣ የቀረውን «እና ሌሎች» ብለሽ ዝጊው፣ መስመር አትጨርሺ አለችኝ። ያኔ አዲስ መዝገብ ለማውጣት ሦስት ሰው ይፈርም ነበር። እኔም መስመር አልጨረስኩም። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ዓምዱ እንደፈለጉት የሚሰፋ ነበር... ግን ከመዝገቡ ነው የገለበጥኩት። እና ሌሎችን እንዳለ፣ እና ሌሎች ብዬ።

ጠዋት ባለክሯ መጣች። እትዬ፣ የሌሎቹ ስም ሙሉው የሚገኝበት ሌላ ቦታ አለ? ብላ ጠየቀችኝ።

የለም አልኳት።

አፌ ነው ቀድሞ ያለው። የውሎቹ ቅጂ ግን ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በካርቶን በካርቶን አለ። ያስቀመጥኩት እኔ። ቁልፉም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። «ጥርት ያለ» የምትለዋን ቃል ነበር የማስበው።

ኅዳር 14

ሁለተኛው ካርታ። ትልቁ ነጥብ ጠፍቷል። ከሱ ጋር ክሮቹም ጠፉ። አሁን ንጹሕ ነው፣ ያምራል። ዋናው ወደደው፤ በትልቁ ይታተም አለ።

አምስት ነጥቦች ዳር ላይ ያለ አንድ ክር ቀርተዋል። ስማቸውን አነበብኩ። አንደኛው የአፈር ምርመራ ጣቢያው ነው።

የአፈር ጣቢያው... እሱ እንኳ ብቻውን! ማንም አፈር የሚነካ ጥናት ሲጀምር አፈሩን ጭኖ እነሱ ጋ ነው የሚሄደው። እህሉም፣ ደኑም፣ መኖውም። ሰባት ሰው ናቸው፣ ሰባቱም ትሑት። ውሉ ላይ ትልልቆቹ በአናት ይፈርማሉ፣ እነሱ ከታች፣ ማኅተማቸው ገጹ ጠርዝ ላይ እስኪወጣ። ከታች ያለ ሁሉ ደግሞ የኔ «እና ሌሎች» ነው።

ምሳ አልበላሁም። ባለክሯ፣ እትዬ አመመዎት እንዴ? አለች። ጉልበቴ ነው አልኳት። ጉልበቴ ስንቱን ይሸከም?

ኅዳር 20

የአፈሩ ሰውዬ ደወለ። ጣቢያውን የሚመራው እሱ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በስልክ እንተዋወቃለን፣ መልኩን ሁለቴ ባየው ነው። ሁሌም «እህት ዓለም፣ ቢሮው እንዴት አደረ?» ይለኛል፣ ቢሮው በግ ይመስል። ዛሬ እሱን አላለም።

ሰምቷል። ከማንም ጋር አልሠራችሁም ተባልን፣ እውነት ነው ወይ አለኝ። ገና አልተወሰነም አልኩት። ገና ነው ብሎ ማን ይጠብቃል፣ የላቦራቶሪዋ ሴት ሌላ ሥራ እየፈለገች ነው አለ። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የሠራች ናት። ልጆች አሏት፣ ጣቢያው ሲዘጋ ቆማ ማየት አትችልም።

«እህት ዓለም፣ አንቺ እንኳ ታውቂያለሽ። ወረቀቶቻችን ባንቺ እጅ አይደል የሚያልፉት?»

አዎ ጋሼ አልኩት። በኔ እጅ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ሽንት ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ።

ኅዳር 22

ለባሌ ነገርኩት። ሁሉንም። መዋሸቴንም። የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«ወረቀቶቹ አሉ?» አለኝ።

አሉ።

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ከሥራ ቢያስወጡኝስ? አልኩት። እሱን እኔም እየፈራሁ ነው አለ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ከዋልሽማ የትኛው ሬዲዮ ይሰማል። ከዚያ ግን እጄን ያዘው። አልለቀቀውም፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ።

ኅዳር 25

አልነገርኳትም።

ኅዳር 28

አልነገርኳትም። ዛሬ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ስልክ ላይ ነበረች። ሰበብ ሲገኝ እንዴት ደስ ይላል።

ታኅሣሥ 2

መጀመሪያ ዕቃ ቤቱን ልየው ብዬ ወረድኩ። ቁልፉ ዝጎ እሺ አላለም፤ በትከሻዬ ገፋሁት። ከላይ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ከታች ያሉት ሁለት ካርቶኖች ሊጥ ሆነዋል፤ ስነካቸው ወረቀቱ በጣቴ መጣ። የሁለት ዓመት ውል ነው። የቀሩት ደርቀዋል። አቧራ ብቻ።

አንዱን ካርቶን ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ወጣሁ። ሊፍቱ? አትጠይቁኝ። ባለክሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና፣ ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ አልኳት። ሌላ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ጠፋኝ።

አንዱን ውል አወጣች። ሌላውን። ሦስተኛውን። ከመዝገቡ ጋር አስተያየች። ፊቷ ሲለወጥ እያየሁ ነው። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እትዬ... ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

ይኸው ነው ያለችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ጃኬቷን አንስታ ወጣች። የቀረሁት እኔና ካርቶኑ ነን።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ የላስቲክ ጓንት ገዝታ፣ ሁለት ጥንድ። ስንት ካርቶን ነው? አለች። አሥራ አራት አልኳት። ፈገግ አላለችም። ግን አንዱን ጥንድ ወደኔ ገፋችው።

ታኅሣሥ 5

እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። መጀመሪያ ፊደሉ አስቸገራት፤ የድሮዎቹ ውሎች በእጅ የተጻፉ ናቸው፣ አንዳንዱ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስል። እኔ ግን የእያንዳንዱን ጸሐፊ እጅ አውቀዋለሁ። የደኑ ጸሐፊ ግራኝ ነው፣ ቀለሙ በመዳፉ ይጠፋበታል። የእህሉ ተቋም ጸሐፊ መስመር ሲያልቅባት ወደ ላይ ትታጠፋለች። እንዴት ያነቡታል ትለኛለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳነበው ኖሬያለሁ። ሳልጽፈው እንጂ።

ታኅሣሥ 9

አራት ካርቶን አለቀ። ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀላ። አውቶቡስ ላይ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝና አንዱ ወጣት ተነሳልኝ። አመስግኜ ተቀመጥኩ። ያሳለፍኩት ፌርማታ ሁለት ነው።

ታኅሣሥ 13

ባለክሯ አሁንም ብዙ አታወራኝም። ዛሬ ግን የአፈር ጣቢያው ማኅተም ሲመጣ፣ እኔ ሳልነግራት፣ እሱ ነው አይደል? አለች። ከጎኑ ያለችው ፊርማ የላቦራቶሪዋ ሴት ናት፣ ክብ፣ ጭራ ያላት፣ ሁሌም አንድ ዓይነት። እስካሁን አርባ አንድ ውል ላይ አገኘናት። አርባ አንድ! እኔ መዝገብ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኳቸውም።

የረጠቡትን ሁለት ካርቶኖች ምን እናድርጋቸው አልኳት። ዜሮ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፣ «አይታወቅም» ብላ ትጽፋለች። ልዩነቱን አሰብኩበት። አሥራ አንድ ዓመት ማንም ይሄን ልዩነት አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 21

አለቀ። ሦስት መቶ አርባ ሁለት ውል። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ለመነሳት እሷ ስባኝ ነው።

ታኅሣሥ 23

ዋናው ጋ ገባን። እኔ ነኝ የምናገር ብያት ነበር፤ ተናገርኩ። ቆሜ፣ ቁጭ ይበሉም አላለኝ።

አልተቆጣም። ብዕሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ። ካርታው እኮ ታትሟል አለ። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ቦርዱ ፊት ቆሜ የመዝገባችን ግማሽ «እና ሌሎች» ነበር ልበል? አሁን ያለው ይቅረብ፣ ማስተካከያው በሚቀጥለው ዓመት ይታያል...

በሚቀጥለው ዓመት የአፈር ጣቢያው የለም አልኩት። ድምፄ ነው የወጣው? እኔም ደነገጥኩ።

ባለክሯ ያንን ካርታ በስሟ እንደማታስገባ ነገረችው። በለሆሳስ። እኔ ጮኼ የማልደፍረውን እሷ በለሆሳስ አለችው።

ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ «መረጃው ተጣራ ብዬ አቀርበዋለሁ» አለ። ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎን ግን ዝም ብዬ ላልፍዎት አልችልም እትዬ።»

አውቃለሁ አልኩት።

ጥር 16

ትናንት ቦርዱ ተሰበሰበ። ባለክሯ መጥታ ነገረችኝ። የአፈር ጣቢያው አይዘጋም። አዲሱ ካርታ ላይ ትልቁ ነጥብ እሱ አይደለም፣ ትንሽ ነው፤ ግን እሱ ከተነሳ የደኑ ወገንና የእህሉ ወገን ለየብቻ ይቀራሉ። አክስቴ ማለት ነው። ሌሎቹ አራቱ? ሁለቱ ክር ተገኘላቸው። ሁለቱ አይታወቅም የሚል ተጽፎባቸዋል፣ ውሳኔያቸው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደከመኝ ብቻ። ቤት ሄጄ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ጥር 20

ደብዳቤዬ መጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እና ከመዝገቡ ሥራ ተነስቼ እንግዳ መቀበያ፣ ምድር ቤት። መዝገቡን ለአንዲት ባለ ዲፕሎማ አስረከብኩ። ዓምዱን ራሷ ባለክሯ ናት የቀየረችው፤ ለእያንዳንዱ ተባባሪ አንድ መስመር።

ባሌ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ምድር ቤት ደረጃ የለውማ» አለ። ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ትንሽ። ሰው ሲመጣ ወዴት ነው ማለት ሥራ ነው? አሥራ አንድ ዓመት ጥሩ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ኖሬ...

ጥር 24

የአፈሩ ሰውዬ መጣ። ከመስኮቴ ፊት ቆሞ የመግቢያ ካርድ ጠየቀኝ፤ በድምፁ ነው ያወቅኩት። እሱም በድምፄ። «እህት ዓለም! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ዋናውን ሊያመሰግን ነው የመጣው። ባለክሯን ሊያመሰግን ነው። ማር ይዟል፣ በማሰሮ። ማንም አልነገረውም። መረጃው ተጣራ ነው የተባለው።

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ካርዱን ሰጥቼው፣ ሦስተኛ ፎቅ በግራ ብዬው። ግን ለኔም ከማሩ ሊቀንስልኝ ዕቃ አለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አልቻልኩም። እናንተን አሥራ አንድ ዓመት ያልጻፍኳችሁ እኔ ነኝ ጋሼ አልኩት። ልጅቷ ጠይቃኝም የለም ያልኩት እኔ ነኝ።

ማሰሮውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። መቼ ነው የነገርሻቸው? አለ። ታኅሣሥ 2 አልኩት።

በጣቱ ሲቆጥር አየሁት።

«እሷ ኅዳር 30 ነው የለቀቀችው» አለ።

የላቦራቶሪዋን ሴት ነው። ሌላ ከተማ፣ የግል ድርጅት ገብታለች፣ ውል ፈርማለች፣ መመለስ የለም። ሁለት ቀን። ኅዳር 28 በሩ ላይ ቆሜ አልነበር? ስልክ ላይ ናት ብዬ የተመለስኩ?

ሌላ ሰው ከፊቴ ተሰልፎ ነበርና ካርድ ሰጠሁት። የአፈሩ ሰውዬ አልሄደም፤ ጥግ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጣቢያው ተርፏል፣ ግን የሃያ ሁለት ዓመት የምርመራ ደብተሮቿ በእጅ ጽሑፍ ናቸው፤ ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ሁለት ልጅ ሞክሮ አቃተው አለ። ለኔ ብሎ አልነበረም የተናገረው። ለራሱ ነው።

እኔ የእጅ ጽሑፍ አነባለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ሥራ የለኝም አልኩት።

አየኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና የለንም አለ። አውቶቡስ አለ አልኩት። ክፍያም የለንም። አልጠየቅኩዎትም ጋሼ።

ከማሩ አልቀነሰልኝም። እኔም ዕቃ አላቀረብኩም።

የካቲት 2

የመጀመሪያ ቅዳሜ። ሁለት አውቶቡስ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ በእግር። ባሌ፣ ጉልበትሽ የት ሄዶ ነው? ብሎኛል። ይዤው ነው የሄድኩት።

ጣቢያው ሦስት ክፍል ነው። መደርደሪያ ላይ በትንንሽ ከረጢት አፈር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ግራጫ። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው። የሰዎቹ ሰላምታ ቀዝቃዛ ነው። ተነግሯቸዋል ማለት ነው። የላቦራቶሪውን ብርጭቆ የሚያጥበው ሰውዬ አንዱን ከፊቴ ሲያነሳ፣ እዚያ ወንበር ላይ እሷ ነበረች የምትቀመጠው አለኝ። ተነስቼ ሌላ ወንበር አመጣሁ።

ዘጠኝ ገጽ። አንገቴ ደርቋል።

የካቲት 9

ዛሬም ያው የመጀመሪያው ደብተር። እጇን እየለመድኩት ነው። ስትቸኩል ቁጥሯ ይተኛል፣ ስትጠራጠር እርሳሱን ትጫናለች።

ግን አንድ ምልክት አለ። ከቁጥሮቹ ጎን ትንሽ ክብ፣ ውስጡ ነጥብ ያለበት። እዚህም እዚያም። ቆጠርኩት፣ በዚህ ደብተር ብቻ ስልሳ ሦስት ጊዜ። የአፈሩን ሰውዬ ጠየቅኩት፤ እሱም አያውቀውም። ዝለይው፣ ቁጥሩ ይበቃል አለኝ።

ቁጥሩን ብቻ ባስገባ ማን ያውቃል? ማንም።

ስልኳን ስጡኝ አልኩ። ብርጭቆ አጣቢው ሰውዬ ቀና አለ። የአፈሩ ሰውዬ ቁጥሩን ከግድግዳው ላይ አንብቦ ሰጠኝ። ውጭ ወጥቼ፣ አፈር ማድረቂያው ሰሌዳ ጋ ቆሜ ደወልኩ። አነሳች። ማሽን ይጮኻል ከኋላዋ። ማን ልበል? አለች።

ማን ነኝ ልበላት? ከቢሮው ነኝ ልበል? ስሜን ነገርኳት። ከዚያ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ አልኳት። የናንተን ስም የተውኩት እኔ ነኝ። ከመልቀቅሽ በፊት እውነቱን አውቅ ነበር፤ ሁለት ቀን ዘግይቼ ነው የተናገርኩት። አሁን ደብተሮችሽን እየገለበጥኩ ነው፣ ክቧ ምልክት ምን እንደሆነች አላወቅኩም፣ ልዘላት አልፈልግም። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ።

ማሽኑ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ትዘጋዋለች። ብትዘጋውስ ምን እላለሁ? ሰሌዳው ላይ ያለው አፈር ሲሰነጠቅ አየሁ።

በር የተዘጋ መሰለኝ፣ ከዚያ ማሽኑ ራቀ።

«ስንተኛው ገጽ ላይ ነሽ?» አለችኝ።